ልከኛዋ ትርንጎ

ከተማው ስም አለው። ስሙን ብናገር ግን አንዱ «አውቀዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «የኛ አይደለም» ብሎ እፎይ ይላል፤ ስለዚህ ስሙ ይቆየን። በዳገት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ላይ ሠፈር ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለው፤ ታች ሠፈር ሰው የቆፈረው ጉድጓድ አለው። በሁለቱ መካከል፣ ከገበያው ጥግ፣ ልክ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ቆሟል።

የልክ ቤት ሥራ ሰውን ማወቅ ነው። ሕዝብን ሳያውቁ ማስተዳደር ዓይንን ጨፍኖ በሬ እንደ መጥመድ ነው ይባል ነበር። በዱሮ ጊዜ የልክ ቤት ሠራተኞች፣ መጣኞች የሚባሉት፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ከቤት ቤት እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። ምን በላችሁ? ማንን ትፈራላችሁ? ከጎረቤት የምትጣሉት በምን ነገር ነው? ብቻችሁን ስትሆኑ ታወራላችሁ? ሰዉም ይመልሳል። የሚዋሽ ይዋሻል፤ ውሸቱም አብሮ ይደመራል፤ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚዋሽ ማወቅም ዕውቀት ነውና። ውሾቹ እንኳ መጣኞቹን ከመልመዳቸው የተነሣ አይጮኹባቸውም ነበር።

ኋላ ሊቀ መጣኝ ይርዳው ተሾመ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። ይህ ሰው የሕዝቡን መልስ ሁሉ ደምሮ ሲያካፍል አንድ ነገር አስተዋለ። የሚወጣው ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም፤ ሰው ነው። ይህን ያህል ቁመት ያለው፣ ይህን ያህል የሚተኛ፣ ይህን ያህል የሚፈራ አንድ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው በሥጋ ካለ፣ እሱን ማየት እያለ ሌላውን ሁሉ ማስቸገር ለምን ያስፈልጋል? የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መብላት የለብንም አለ ለሹማምንቱ። ሹማምንቱም ነገሩ ቀላልም ርካሽም ሆኖ ስላገኙት ደስ አላቸው።

ተፈለገና ተገኘ። ትርንጎ የምትባል፣ ከፈረስ ጭራ ወንፊት እየሠራች የምትተዳደር የላይ ሠፈር ሴት ነበረች። ረዥም አይደለች፣ አጭር አይደለች። ብዙ አትናገርም፣ ዝምተኛም አትባልም። ልጅ ሆና ወድቃ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፤ ይህን ሊቀ መጣኙ አስልቶ፣ የከተማው ሰው የአካል ጉድለት ሁሉ ተደምሮ ለሁሉም ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የትርንጎን እግር ያህል እንደሆነ አረጋገጠ። ስለዚህ «ልከኛዋ» ተባለች።

ሊቀ መጣኙ ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ሲያበሥራት ትርንጎ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበር አቀረበችለትና ከእሷ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምንም፣ እሜቴ» አላት። «መኖር ብቻ።»

ባሏ ዘገየ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ዘገየ ቀንበርና ሞፈር የሚጠርብ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማዋል፣ ሲሠራ ይዘፍናል፣ ምግብ ሲቀርብለት ቆሞ ይበላል። ልክ ሴት ማግባቱን ገና በሠርጉ ቀን አውቆ እንደነበር፣ ልክ ቤት ግን ዘግይቶ እንደደረሰበት ነገረው። ሊቀ መጣኙ ፈገግ አለ፤ እያየው ግን ትንሽ ያዘነ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጣኝ ገላው የሚባል ጨዋ ሰው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቤቷ ጥግ ላይ ባለች በርጩማ ይቀመጥ ጀመር። ምሳውን በአገልግል ይዞ ይመጣል፤ ከቤቷ ቁራሽ አይቀምስም። አመሻሽ ላይ ያየውን ለልክ ቤት ይነግራል። ስታለቅስ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለስ ያደርጋል፤ ለይሉኝታ የሚበቃ ያህል እንጂ ላለማየት የሚበቃ ያህል አይደለም። በመጀመሪያ አፈረችው፣ ቀጥሎ ለመደችው፣ ኋላም እንደ ቤቱ ምሰሶ ሆነባት።

የታየው ወዲያው ሥራ ላይ ይውል ነበር። ትርንጎ በርበሬ ያላሰኛት ቀን ለፋፊው ገበያ ወጥቶ «ከተማው ዛሬ በርበሬ አላማረውም» ይላል፤ ነጋዴዎቹም ጆንያቸውን ጭነው ይመለሳሉ። ትርንጎ በጊዜ መተኛት ስትጀምር የመንገዱ ፋኖስ በጊዜ ይጠፋ ጀመር። አንድ ማክሰኞ ያለ ምንም ምክንያት ከፋት፤ በማግስቱ አዝማሪዎች በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ከሠፈር ሠፈር ተላኩ። ትርንጎ መጀመሪያ ላይ ደስ አላት ብንል አንዋሽም። ወረፋ ላይ ሴቶቹ ያስቀድሟታል፤ ወንፊቷም ከማንም ወንፊት በፊት ይሸጣል።

ቀጥሎ ለማኞች መጡ። ለማኝ ስል ቁራሽ የሚለምን አይደለም። አቶ እሸቴ የሚባሉ አዛውንት ከበሯ ቆመው፣ በሠፈራቸው ያለው መንገድ በጎርፍ ተቆርሶ ከብት እየገባበት መሆኑን ነገሯትና «ልጄ፣ እባክሽ ስለ መንገዱ ትንሽ ተናደጂልን» አሏት። ሄዳ አየችው፤ እውነትም ያናድዳል፤ ተናደደች። ገላው ግን ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ይህ የእርስዎ ቁጣ አይደለም፣ እሜቴ። የአቶ እሸቴ ነው። የተዋሱትን አንቆጥርም።»

መንገዱም እንደተቆረሰ ቀረ።

ከትርንጎ የሚርቅ ሰው በልክ ቤት ቋንቋ «ስህተት» ይባል ነበር። ሊቀ መጣኝ ይርዳው ቃሉ ስድብ እንዳይመስል ደጋግሞ አስረድቷል፤ ስህተት ማለት ኃጢአት ሳይሆን ርቀት ነው፤ ማንም ሰው ትንሽ ትንሽ ስህተት ነው። ይሁንና ስህተቱ የበዛ ሰው ጉዳይ ይዞ ወደ ልክ ቤት መስኮት ሲቀርብ፣ ለእሱ ዓይነት ሰው የሚሆን አገልግሎት ገና አልተሰላም እየተባለ ይመለሳል። ማንም አልተገረፈም፣ ማንም አልታሰረም። መስኮቱ ብቻ በዝግታ ይዘጋል።

ስለዚህ ሰዉ ወደ ትርንጎ ልክ መቅረብ ጀመረ። መጀመሪያ የባለሥልጣናቱ ሚስቶች ግራ እግራቸውን ትንሽ ጎተት ማድረግ ያዙ። ከዚያ ተማሪዎቹ። ከዚያ ወታደሮቹ፣ በሰልፍ። ትርንጎን ጉንፋን ሲይዛት ከዳገቱ ላይ እስከ ገበያው ሳል ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ገበያ መካከል የረሳችው ነገር ትዝ ብሏት ቀጥ አለች። የገበያው ጫጫታም አብሮ ቀጥ አለ። ቀና ብላ ስታይ ሰው ሁሉ፣ ሻጩም ገዢውም፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ ቆሟል። የጥራጥሬ ሚዛን ብቻ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ትርንጎ እንደምንም እግሯን አነሣች፤ ገበያውም ቀጠለ። ለገላው «ፈርቻለሁ» ብላ ነገረችው። አልደነቀውም፤ ከተማው በዚያ ሰዓት ፈርቶ እንደነበር እሱም አስተውሏል።

ዘገየ በዚህ ሁሉ እየሳቀ ቆይቶ ነበር። ነገር ግን የእንጨት መቁረጫ ፈቃዱን ሊያሳድስ ቢሄድ መስኮቱ ተዘጋበት። ቁመቱ ስህተት፣ ድምፁ ስህተት፣ አበላሉ ስህተት። እንጨት የሌለው ጠራቢ ምን ይሠራል? እጁን አጣጥፎ ደጅ ተቀመጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትርንጎ ከምንጭ ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። ግቢው ውስጥ ብቻውን ከበሩ እስከ ማጀቱ ይመላለሳል፤ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ ወዲያው ይቆምና አንገቱን አቀርቅሮ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንስራዋን እንዳዘለች እዚያው ቆመች። ከዚያ ገብታ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቀችው።

«መኖር አለብን» አላት።

«አንተ እኔን አትመስልም፣ ዘገየ። እኔም ያገባሁህ ስላልመሰልከኝ ነው።»

«ካንቺ በቀር ማንን ልምሰል ታዲያ?»

እንስራዋን አወረደች። እሱ ግን በረታ። ምሳ ሲቀርብ ተቀምጦ በላ፤ ቁራሹን እንዴት እንደምትይዝ በዓይኑ ጠየቃት። መዝፈኑን ተወ። አንድ ቀን ጎረቤት የሚያስቅ ነገር ሲነግራቸው ትርንጎ እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና ፈገግ አለች፤ ባሏም አፉን በዚያ ትልቅ እጁ ሸፍኖ ፈገግ አለ። ፈቃዱም ተሰጠው። እንጨት ለመቁረጥ ግን አልሄደም፤ እሷ እንጨት አትቆርጥምና።

በዚያ ክረምት ጎርፍ ታች ሠፈር ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ውኃው ቀለሙን አልቀየረም፤ የጠጣው ሰው ግን ትውከትና ተቅማጥ ያዘው። ወሬውን ለትርንጎ ያደረሰችው ከታች እየመጣች እንቁላል የምትሸጥ ሴት ናት። ታች ሠፈር የምትኖረው የትርንጎ ታላቅ እህት ማንጠግቦሽ፣ እናታቸው ከሞተች ጊዜ ጀምሮ አዝላ ያሳደገቻት እህቷ፣ መነሣት አቅቷት ተኝታለች። ከጎረቤቶቿም የተቀበሩ አሉ።

ትርንጎ መጀመሪያ ገላውን ጠየቀችው። እሱም በከተማው በሽታ እንደሌለ በአክብሮት ነገራት፤ ትናንት ደህና እንደተኛች፣ ዛሬም ቁርሷን ጨርሳ እንደበላች ራሱ አይቷል። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ልክ ቤት ሄደች። ሊቀ መጣኙ ተነሥቶ ተቀበላት።

«ታች ሠፈር ሰው እየሞተ ነው» አለችው።

«ሰምቻለሁ፣ እሜቴ። ታች ሠፈር ሁልጊዜ ትንሽ ይሞታል። ላይ ሠፈር ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል። እርስዎ ደግሞ መካከል ላይ ነዎት፤ ደህና ነዎት።»

«ጉድጓዱን ዝጉት። ሐኪም ላኩላቸው።»

ለማን ብለን እንልካለን አላት በትሕትና፤ ሐኪም የሚላከው ለታመመ ከተማ ነው። ይህን ሲናገር ክፋት አልነበረበትም። ትርንጎ እጁ ላይ የረዥም ሰዓት ሥራ የተወውን የቀለም እድፍ አየች፤ ይህ ሰው ደክሟል ብላ አሰበች።

«እኔ ብታመምስ?»

«ያን ጊዜ ከተማው ታሟል ማለት ነው። ጉድጓዱ በዕለቱ ይዘጋል።» ቆም አለና ጨመረ፤ «ሆን ብለው ከታመሙ ግን የተዋሱት በሽታ ነው።»



«እህቴ ታማለች። ልጠይቃት ብሄድ፣ እንግዳ ሆኜ ውኃ ቢቀርብልኝስ?»

ሊቀ መጣኝ ይርዳው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። እህት የታመመችበት ሰው ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ይጠይቃል። እንግዳም የቀረበለትን ይጠጣል፤ እምቢ የሚል ጥቂት ነው። ዓይኑን ሲገልጥ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አንድ ሐሳብ ያለ እንከን ሲገጥምለት እንዲህ ይሆናል ይባላል።

«ስህተት አላይበትም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ቁልቁል ወረደች። ገላው አገልግሉን አንጠልጥሎ ከኋላዋ ተከተለ። ዘገየ እሄዳለሁ ሲል ከልክላው፣ ቤት እንዲጠብቅ ለምናው ነበር የወጣችው። በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ዞር ካልኩ እመለሳለሁ ብላ ፈርታ ነው።

ማንጠግቦሽ መደብ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ፊቷ አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር፤ እህቷን ስታይ ግን ዓይኗ በራ። ቤቱ ውስጥ ጠረን አለ፤ ልጆቿ ወደ ባሏ ዘመዶች፣ ወደ ገጠር ተልከዋል። ትርንጎ ግንባሯን አበሰችላት፣ ሥሯን አጸዳችላት፣ ስለ እናታቸው ትንሽ አወሩ። ከዚያ ትርንጎ እንደጠማት ተናገረች።

«እዚህ ቤት ውኃ የለም» አለች ማንጠግቦሽ።

እንስራው ግን እዚያው ጥግ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እንግዳ ነኝ። አቅርቢልኝ።»

«ላንቺ አላቀርብም። ለምን እንደመጣሽ ገብቶኛል። ትርንጎዬ፣ እኔን ለማዳን ከሆነ ዘግይተሻል።»

«ሌላው አለ» አለች ትርንጎ፤ «ጎረቤቶችሽ አሉ፣ የሚመለሱ ልጆችሽ አሉ።» እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትርንጎ በቅል ውኃ ቀዳችና ደረቷ ድረስ አነሣችው። ገላውን ፈለገችው፤ ይህን ማየት አለበት። በርጩማ ስለሌለ ደጁ ላይ ቆሟል። ከአገልግሉ ውስጥ ኩባያ አውጥቶ ይዟል። ኩባያውን ደረቱ ድረስ አንሥቶታል፤ ውኃ ሞልቶበታል።

ወደ በሩ ራመድ ብላ ወደ ውጭ አየች።

ላይ ሠፈር በሙሉ ወርዶ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ሰው ቆሟል፤ ሽማግሌው፣ ሙሽራዋ፣ ወታደሩ፣ ሕፃን ያዘለችው። አንዱም አይናገርም። እያንዳንዱ በቅል ወይም በጣሳ ወይም በገዛ መዳፉ ውኃ ይዞ ደረቱ ድረስ አንሥቷል። ከፊት ረድፍ ዘገየ አለ። በቁመት ከሰው ሁሉ በላይ የነበረው ባሏ ጉልበቱን አጥፎ ቁመቱን ከእሷ ቁመት ጋር አስተካክሏል።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለች ማንጠግቦሽ ከመደቡ ላይ።

«እኔን» አለች ትርንጎ።

ከቅሉ ጥቂት ውኃ ተንጠባጠበ፤ ወዲያው ደጁ ሁሉ፣ እስከ ዳገቱ ድረስ፣ ካፊያ የጣለ ይመስል ተንጠባጠበ። ብትጠጣ ጉድጓዱ በአዋጅ ይዘጋል፤ ግን አዋጁን የሚነግረው ለፋፊም እዚያው ጣሳ ይዞ ቆሟል፤ ሐኪሞቹም ቆመዋል። ባትጠጣ ታች ሠፈር የለም። ሰዎቹን ተመለሱ ብላ ጠራቻቸው። ተመለሱ የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ አንድ ጊዜ ወጥቶ ወደ እሷ መጣ፤ ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም።

ትርንጎ ቅሉን ዘቀዘቀችው። የከተማው ውኃ ሁሉ በአንድ ድምፅ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ የእህቷን እንስራ ደፍታ አዘለችው፤ ዳገቱን ወጣች፣ ከዓለቱ ሥር ካለው ምንጭ ሞላች፣ ተመልሳ ወረደች። ለእህቷ አጠጣቻት፤ የተረፈውን ለጎረቤት ሰጠች። ስትወርድ ከኋላዋ የእግር ድምፅ ይሰማት ነበር፣ አንዱ እግር ጠንከር፣ አንዱ እግር ጎተት፤ እንደ አንድ ትልቅ እንስሳ። በማግስቱም ወጣች፣ ወረደች። በየቀኑ ከተማው በሙሉ ንጹሕ ውኃ ተሸክሞ ወደ ታች ሠፈር ይወርድና የመጀመሪያው በር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ለፋፊው «ከተማው ውኃ መሸከም ወዷል» አለ፤ ለሸክላ ሠሪዎችም እንስራ እንዲያበዙ ታዘዘ። ታች ሠፈር ከዚያ ጉድጓድ መቅዳት ተወ፤ በሽታውም ቆመ። በልክ ቤት ዘንድ ግን በሽታው አልጀመረም፤ ስለዚህ ስለ መቆሙ የተናገረ የለም።

ለማንጠግቦሽ ግን ዘግይቶ ነበር፤ ራሷ እንዳለችው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ትርንጎ እጇን እንደያዘቻት ዐረፈች።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ታች ሠፈር ዛሬም ያወራዋል። ትርንጎ አስከሬኑ ሲወጣ «እትዬ» ብላ ጮኸች። ከተማው «እትዬ» ብሎ ጮኸ። ደረቷን መታች፤ ዳገቱ ከበሮ ሆነ። ስታለቅስ መካከል ላይ ትንፋሿ ቁርጥ የሚልበት ቦታ ነበር፤ ያ ቁርጥ ማለት እንኳ ከሺህ ጉሮሮ ተሰማት። አጠገቧ የቆመችውን የማታውቃትን ሴት ክንዷን ይዛ ጠየቀቻት።

«የሟቿን ስም ታውቂዋለሽ?»

ሴትዮዋ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። የትርንጎን ክንድ መልሳ ያዘች።

«የሟቿን ስም ታውቂዋለሽ?» አለቻት።

ትርንጎ ማልቀሷን አቆመች። ዝምታው ከለቅሶው የከፋ ነበር፤ የቀባሪዎቹ ዶማ ብቻ ይሰማል። እህቷን በደረቅ ዓይን ቀበረቻት። ልቧ ውስጥ ያለውን ማንም እንዳይወስድባት ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ ቆመች፤ ዙሪያዋንም የድንጋይ ፊቶች ቆሙ።

ሐዘኑ እንዳበቃ ወደ ልክ ቤት ሄዳ እንዲያሰናብቷት ለመነች። ሊቀ መጣኝ ይርዳው በጣም ደስ ብሎት ተቀበላት። እሷ ባትመጣ እሱ ሊያስጠራት ነበር። መጣኞቹን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና በየቤቱ ልኮ አስጠይቆ ነበርና ውጤቱ ደርሶታል።

«ከእርስዎ የሚርቅ ሰው አላገኘንም» አላት። «ከእንግዲህ ማንንም ብናይ እርስዎን ማየታችን ነው። ገላው ከዛሬ ጀምሮ አያስቸግርዎትም።»

«እኔስ?»

«እርስዎም አንዷ ነዎት፣ እሜቴ።»

ከልክ ቤት ስትወጣ ማንም መንገድ አልለቀቀላትም። ገበያው መካከል ቀጥ ብላ ቆመች፤ የቆመ የለም። ሳለች፤ የሳለ የለም። ከትከሻዋ ላይ አንድ ትልቅ ሸክም የወረደላት መሰላት፤ ቀጥሎ ብርድ ብርድ አላት። ባቄላ ልትገዛ ወደ አንዲት ሻጭ ስታመራ ሌላ ሴት ቀድማት ደርሳ እሷ ልትጠይቀው ያሰበችውን ጠየቀች፣ እሷ ልትከራከር ባሰበችው ዋጋ ተከራከረች፣ እሷ ልትመርጥ ያሰበችውን መርጣ ግራ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ሻጯ ቀና ብላ ትርንጎን አየቻትና አሁን የገዛሽው አልበቃሽም ወይ አለቻት።

ባዶ እጇን ቤቷ ደረሰች። የገላው በርጩማ ባዶ ነው። እሷ ዘወትር በምትቀመጥበት፣ ብርሃን በሚገባበት ጥግ፣ ዘገየ ተቀምጦ ወንፊት ይሠራል። የፈረስ ጭራው ጉልበቱ ላይ ተዘርግቷል፤ አንገቱ ዘመም ብሏል፤ ከንፈሩን እንደ እሷ ነከስ አድርጓል። የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ቀና አለ። እሷ ባሏ ከጫካ ሲመለስ በምትቀበልበት በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ርኅራኄ ተናገረ።

«መጣህ? ደክሞሃል፤ ቁጭ በል።»

ትርንጎ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ዘገየ፣ እኔ ነኝ። ትርንጎ ነኝ። ሚስትህ ነኝ።»

ለረዥም ጊዜ አያት። በዓይኑ ውስጥ ክፉ ነገር አልነበረም።

«ልክ ነህ» አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ታይ ጀመር። ጭራውን ይስባል፣ ያሳልፋል፣ ያጠብቃል፤ አሳሳቡ የእሷ፣ ፍጥነቱ የእሷ። የወንፊቱ ክብ እንጨት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ቋጠረና ቋጠሮው በተቃራኒው ዞረ። እንደገና ቋጠረ፤ እንደገና በተቃራኒው። ዘገየ ግራኝ ነው። እንዲህ የተቋጠረ ወንፊት ዱቄት ሲነፋበት ከጠርዙ ይላላል፤ የትኛዋም ወንፊት ሠሪ ይህን ታርማለች።

ትርንጎ ልታርመው እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። ፊቱን ሳይሆን ያን ግራ እጅ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሰማ፣ ስለ እህቷ ማልቀስ ጀመረች። ዘገየ አላለቀሰም። ቀጣዩን ቋጠሮ ቋጠረ፤ እሱም ተሳሳተ።